ሞጣ ላይ ሦስት ቀን ታላቅ ሆኜ

ባለፈው የማርያም ማኅበር ላይ «ሞጣ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ሳልመልስ ጸሎቱ ደረሰ። ከመካከላችን ጉልበታቸው ደክሞ ከቢቸና የማይወጡ እህቶች አሉ። ለእነሱ ስል ጉዞውን ቀን በቀን ጻፍኩት። ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ አላየሁም፤ ስለ እሱ የምትፈልጉ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ ያየሁት ጥቅል ጎመን፣ ጨውና የሰው ደግነት ነው። አድርሶ የመለሰኝ አምላክ ይመስገን።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልናገር። ልጄ ሰብለ ኮሪያ አገር ማስተርሷን ስትማር ቆይታ፣ እኔ በመታመሜ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እግዚአብሔር ማረኝ። የምታጠናው የኮሪያኛን ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የቋንቋ ትምህርት ነው» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን ስለገባኝ እናንተም ይግባችሁ።

እኛ ሁለት ጥማድ በሬ፣ ሦስት እስር ጎመን እንላለን። ኮሪያዎች ግን ለሁሉም ነገር እንዲህ ያለ መቁጠሪያ ቃል አላቸው፤ ለሰው ሌላ፣ ለመጽሐፍ ሌላ፣ ለጠርሙስ ሌላ። ይህ ቁጥር ከሚቆጥረው ነገር ተለይቶ መቆም ይችላል። «ተማሪዎቹ ሦስት ጠርሙስ ጭማቂ ጠጡ» ለማለት፣ ጭማቂውን ወደ ፊት አውጥተው «ጭማቂ ተማሪዎቹ ሦስት ጠርሙስ ጠጡ» ይላሉ። ጭማቂው ቀድሞ ሄደ፣ ቁጥሩ ከኋላ ቀረ። ይህ ለጆሯቸው ያምራል። የጠጪዎቹ ቁጥር ከኋላ ሲቀር ግን፣ «ተማሪዎቹ ጭማቂ ሦስት ሰው ጠጡ» ሲባል፣ ብዙ ሊቃውንት «አያምርም» ይላሉ። ሰብለ ደግሞ «ያምራል፣ ሰው እንዲህ ይናገራል» ብላ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈች። ክርክሩ ይኸው ነው።

አማካሪ መምህሯ ግን እንዲህ ብሎ ላከላት፤ «ይህን የነገሩሽ ሁለት ጓደኞችሽ ብቻ ናቸው። ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ጠይቀሽ መልሱን እስከ እሑድ ላኪ። አለበለዚያ ምዕራፉ ይውጣ።» ምዕራፉ ከወጣ የዘንድሮው ምርቃት ያልፋታል፤ የትምህርት ዕድሏም በዚያው ያበቃል። ኮሪያ እንዳትመለስ ቀኑ አጠረ። ቢቸና ላይ ዕድሜ የጠገበ ኮሪያዊ ከየት ይመጣል? የእኔ ሕመም ነው እዚህ ያስቀራት ብዬ አዘንኩ። ወደ እመቤቴ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ የድሮ አስተማሪዋ፣ ሞጣ ላይ ችግኝ የሚያፈሉ ኮሪያዊ ባልና ሚስት እንዳሉ ነገራት። ስልክ ደወለች። «ኑ፣ ቤታችን ታርፋላችሁ» አሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን መነኸሪያ ወረድን። ወሩ ጥቅምት ነው፤ መንገዱም በዚያ ሰሞን ሰላም ነበር። እኔ አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ጣሳ ማር ይዣለሁ። ሰብለ አርባ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ይዛለች። ከእኔ ጭነት የእሷ ይቀላል፤ የከበዳት ግን እሷ ነበረች።

ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገባችን ወደ ጉንደ ወይን የሚመለሱ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ከኋላችን ሐያት የምትባል ነርስ አለች። አገሯ ደሴ ነው፤ የምትሠራው ጉንደ ወይን ጤና ጣቢያ ነው። መሪጌታው ሰብለን ምን እንደምታጠና ጠየቋት። የጭማቂውን ነገር አስረዳቻቸው። በጽሞና ሰሙ።

«ልጄ፣ ሦስት በግ ገዛን ለማለት ይህን ያህል ከተጨነቁ በጉን መቼ ሊበሉት ነው?» አሉ።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሰብለም ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከዳቦው ቆርሼ ለሁሉም አደልኩ። መሪጌታው «ይጥማል፣ እጅሽ ይባረክ» አሉና ውኃ ጠየቁ። ሐያትም «ይጥማል እማማ» ብላ ውኃዋን አነሳች። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማው ፈነዳ። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን። ነገር ግን መኪናው ዘንበል ሲል የማሩ ጣሳ ክዳኑ ተከፍቶ ማሩ በሰብለ ወረቀት ላይ ፈሰሰ። አርባው ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ተጣበቀ። ልጄ ወረቀቱን ይዛ መንገድ ዳር ቁጢጥ አለች። መሪጌታው አጠገቧ ቆመው «ማር የነካው ቃል ይጥማል እንጂ አይጠፋም፤ አትዘኚ» አሏት።

ትርፉ ጎማ ራሱ ነፋስ አልነበረውም። ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቆምን። ጉንደ ወይን ስንደርስ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና አልቆ ነበር። ሐያት «የት ታርፋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

«እኔም አውቃለሁ፤ እኔ ጋ ነው» አለችና ቦርሳዬን ነጠቀችኝ።

ጉንደ ወይን ከቢቸና ይበርዳል። ነፋሱ ከገደሉ አፍ ነው የሚመጣው፤ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ባጣጥፈውም አልከለለኝም። የሐያት ቤት አንዲት ክፍል ናት። እኔ የጽጌን ጦም እንደያዝኩ ሳልነግራት ሽሮ ሠራችልን። ድስቱን አሳየችኝ። «እማማ፣ ይህች ለጦም ብቻ የማስቀምጣት ናት። ጎረቤቶቼ ሲመጡ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው» አለችኝ። እስላም ናት። እኔ ቢቸና ላይ ለእሷ ዓይነት እንግዳ የተለየ ድስት አስቀምጬ አላውቅም። አሁን አስቀምጫለሁ።

ከራት በፊት ሰብለና ሐያት ወረቀቶቹን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ አላቀቋቸውና በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏቸው። አርባ የኮሪያ ዓረፍተ ነገር ከሐያት ነጭ ጋውን ጎን ተሰጥቶ ደረቀ። አንድም ቃል አልጠፋም። መሪጌታው እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ሐያት መኪና ላይ አስቀምጣን ወደ ሥራዋ ሄደች። ሞጣ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ሞጣ ከቢቸና ትሰፋለች፣ ባጃጇም ይበዛል፤ ገበያዋ ግን ከእኛ አይበልጥም። ይህን የምለው ለማድላት አይደለም።

የኮሪያውያኑ ቤት ከችግኝ ጣቢያው አጠገብ ነው። ባልየው ዶንግሱ ይባላሉ፤ ሞጣዎች ጋሽ ዶንግሱ ይሏቸዋል። በአገራቸው የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ፖም ሊያለምዱ መጥተው አምስት ዓመት ኖረዋል። ሚስትየው ወይዘሮ ኦክሱን ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ፊታቸው ሽብሽብ የሌለበት። አማርኛ ከባላቸው ይሻላሉ፤ ገበያ የሚወጡት እሳቸው ናቸውና።

በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ጫማ አውልቄ የገባሁበት ቤት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ኖሮ ጣቴ ብቅ አለ። ወይዘሮ ኦክሱን አይተው እንዳላዩ ሆነው፣ አዲስ ካልሲ አምጥተው «እዚህ ወለሉ ይበርዳል» አሉ። ወለሉ አይበርድም ነበር።

ሰብለና ጋሽ ዶንግሱ ችግኝ ሊያዩ ሲወጡ እኛ ሁለታችን ቀረን። ወይዘሮ ኦክሱን ገና ሳንቀመጥ «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» አሉኝ። እኛ አገር ሴትን እንዲህ ቶሎ አይጠይቋትም። ኋላ ሰብለ እንደነገረችኝ ኮሪያ ላይ ግን ግዴታ ነው፤ ታላቅና ታናሽ ካልታወቀ እንዴት እንደሚነጋገሩ አያውቁም። እኔም ደስ አለኝ። እኛም ለታላቅ አንቱ እንል የለም?

«በሃምሳ ዘጠኝ» አልኳቸው።

እሳቸው «እኔ በስልሳ አንድ» አሉና ወዲያው ሁለት እጃቸውን አጋጥመው እጅ ነሱኝ። «እንግዲያው ታላቄ ነዎት፤ እትዬ የሺ እልዎታለሁ።»

እኔም «አንቺ» ማለት ጀመርኩ። የላይኛው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሲበላ እኔ እጄን ሳልሰድ ባልየው እንኳ ማንኪያ አላነሱም። ቢቸና ላይ ይህን ክብር ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ለእኔ ዓሣ ያልገባበት ለብቻው የጦም ኪምቺ ሠርተው ጠበቁኝ። ኪምቺ ማለት ጥቅል ጎመን በጨውና በበርበሬ ታሽቶ እስኪቦካ የሚቆይ ነው። አፍንጫ ላይ ሲደርስ ከስልጆ ጋር ወንድማማች ነው።

ከምሳ በኋላ ሰብለ ወረቀቷን ዘረጋች። ባልና ሚስቱ ከፊቷ ተቀመጡ፤ እኔ ከልጄ አጠገብ፣ የላይኛው ወንበር ላይ። ሥራው እንዲህ ነው፤ እሷ ታነባለች፣ እነሱ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ይላሉ። አንድ አነበበች። ወይዘሮ ኦክሱን ወደ እኔ ቀና ብለው አይተው «ጆአዮ» አሉ። ጋሽ ዶንግሱ ወደ ሚስታቸው አይተው «ጆአዮ» አሉ። «ጥሩ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛውም ጆአዮ። ሦስተኛውም። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጆአዮውን በመቁጠሪያዬ እቆጥር ጀመር። ይቅር ይበለኝ፤ መቁጠሪያ የተሠራው ለዚያ አልነበረም። ሃያው ሲያልቅ ሃያ ጆአዮ ቆጠርኩ።

«ልጄ ጎበዝ ናት» አልኩ።

«በጣም ጎበዝ!» አሉ ሁለቱም።

ሰብለ ግን ወረቀቷን አጠፈች።

ሐሙስ

ጠዋት ወይዘሮ ኦክሱን ጎመኑን በጨው የምናሽበትን ዕቃ አቀረቡ። «ላግዝሽ» ብዬ ጨዉን በእጄ ዘግኜ እንደ እኛ አገር በተንኩት። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ «ጆአዮ» አሉ። እኔም ጨመርኩበት።

የቀረውን ሃያ ዓረፍተ ነገር ሰብለ አነበበች። እኔ እንደ ትናንቱ አጠገቧ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ። ሃያ ጆአዮ።

ከዚያ በኋላ ሰብለን አጣኋት። ከችግኞቹ ጀርባ አገኘኋት። ዐይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ? ሁሉንም ጥሩ ነው አሉ አይደል?»

«እሱ ነው ችግሩ እማዬ። ከአርባው ውስጥ አሥሩን ሆን ብዬ ያበላሸኋቸው ናቸው። ሕፃን ልጅ እንኳ አያምርም የሚላቸው። ሰው በእውነት እየመለሰ መሆኑን የምናውቀው በእነሱ ነው።»

«እነሱንስ?»

«ጆአዮ።»

ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንዳለችው ከሆነ አርባውም መልስ ባዶ ነው። ይህን መምህሯ ጋ ብትልከው ውሸት ይሆናል፤ ባትልከው ምዕራፉ ይወጣል። ቀኑ ሐሙስ ነው።

«ለምን ይዋሹሻል? ደጎች ናቸው» አልኳት።

«ደጎች ስለሆኑ ነዋ!» አለች።

ይህ ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። የእንግዳን ስህተት ማን ይናገራል? ቢቸና ብትመጣና ዓረፍተ ነገሯን ለእኛ ብታነብልን፣ እኛም «ያምራል» ነበር የምንለው። ግን መድኃኒቱን አላወቅሁም። ዳዊቴን ደግሜ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት ሞጣ ጊዮርጊስ ሄጄ አስቀደስኩ። የማላውቃቸው ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ ስወጣም አንዷ ጸበል በጠርሙስ ሞልታ «ለመንገድሽ» ብላ ሰጠችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። ስሟን የሚያውቅ አለ።

ስመለስ ወይዘሮ ኦክሱን የትናንቱን ጎመን እያጠቡ ነው። ደጋግመው ያጥቡታል። ተቀመጥኩና ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ወሬ ወሬን ያመጣል። እሳቸው ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ልጆቻቸው ከኮሪያ ድረስ መጥተው እዚሁ ሞጣ ላይ ትልቅ ድግስ እንደደገሱላቸው ነገሩኝ። በአገራቸው ስልሳ መሙላት ትልቅ ነገር ነው።

«እርስዎስ እትዬ፣ ስልሳ ሲሞላዎት ምን ተደገሰ?»

«ኧረ ስልሳ ገና አልሞላኝም» አልኳቸው።

ጎመኑ ከእጃቸው ወደ ውኃው ተመልሶ ገባ።

«አልሞላዎትም?»

«ትንሽ ይቀረኛል።»

ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ቆጥረው ጨረሱ፣ እንደገና ጀመሩ። ከዚያ እርጥብ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ መቱት።

«ዓመተ ምሕረት! እርስዎ ሃምሳ ዘጠኝ ያሉኝ በእናንተ አቆጣጠር! እኔ ስልሳ አንድ ያልኩት በእኛ! አምስት ዓመት ኖሬ! የገበያውን፣ የበዓሉን፣ ሁሉንም ቀን አውቃለሁ፤ የልደቴን ዓመት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!»

እኔም በሃምሳ ዘጠኙ ላይ ስምንት ጨምሬ ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሰባት። እውነት ነው። ስድስት ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ሦስት ቀን ሙሉ በታላቄ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ታላቄን «አንቺ» እያልኩ፣ ጠጅ እንደጠጣ ጎረምሳ ተንቀባርሬ ነበር። ከወንበሩ ተነስቼ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል፣ እሳቸው በሳቅ ፍርስ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«የሺ!» አሉኝ። እትዬ የለም። «እንግዲያው አሁን ልንገርሽ። ይህ ጎመን ጨው በዛበት! በጣም በዛበት! ከጠዋት ጀምሬ አምስት ጊዜ አጠብኩት!»

«ትናንት ጆአዮ አሉ እኮ።»

«ታላቄን ምን ልበል?»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ቢላውን አስቀመጥኩ።

«እትዬ ኦክሱን፣ በእግዚአብሔር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የልጄ ዓረፍተ ነገርም እንደ ጨዉ ነው?»

ሳቃቸውን አቆሙ። ወደ በሩ አዩ፤ ሰብለ የለችም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግማሹ ከጨዉም ይብሳል» አሉ።

ለምን እንዳልነገሯት ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እናቷ ያን ጊዜ ታላቄ ነበሩ። አጠገቧ ተቀምጠው፣ በኩራት እያዩኝ፣ መቁጠሪያ ይዘው። እንዴት ብዬ ነው ልጅዎ ተሳስታለች የምለው? ድንጋይ ነኝ?»

ስለዚህ እህቶቼ፣ የልጄን ሥራ ያሰናከልኩት እኔ ነኝ። ልረዳት ብዬ ሄጄ እንደ ግንድ መንገዷ ላይ ተጋደምኩ። ማር ያፈሰስኩባትም እኔ ነኝ። ደግነቱ ለማፈር ጊዜ አልነበረም። «እኔ ነገ ውጭ እውላለሁ። እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ ልጄም ልጅዎ ናት። እንደ ጎመኑ ያድርጓት» አልኳቸው።

«ሳላዝንላት?»

«ሳያዝኑላት።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «እሺ፣ አሁን ሥራ አለ» አሉ።

ቅዳሜ

ከማለዳ ጀምሬ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሚላጥ ነጭ ሽንኩርት ሞልቷል። ውስጥ ሰብለ የመጀመሪያውን አነበበች። ሽንኩርቱን ትቼ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ኢሳንሄ!» አሉ ወይዘሮ ኦክሱን።

ቃሉን ሰምቼ አላውቅም፤ ግን የትም አገር ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። የተበላሸ ወጥ የቀመሰ ሰው ድምፅ ነው። ሰብለ ሁለተኛውን አነበበች። «ኢሳንሄ!» ሦስተኛውን ስታነብ «ጆአዮ» አሉ፤ ይህ ጆአዮ ከረቡዕና ከሐሙሱ የተለየ ነበር። አጭር ነው። እውነተኛ ምስጋና ያጥራል። ዛሬም በመቁጠሪያዬ ላይ ኢሳንሄውን መቁጠር አማረኝ፤ እግዚአብሔርን ፈርቼ በሽንኩርቱ ቆጠርኩ።

ወደ መጨረሻው ትልቅ ጩኸት ተሰማ። ባልና ሚስቱ ተጣሉ ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ። በመስኮት ሳይ ጋሽ ዶንግሱ ቆመዋል፣ ወይዘሮ ኦክሱን ጠረጴዛውን ይመታሉ፣ ሰብለ በመካከላቸው እየሳቀች ትጽፋለች። ኋላ ሰብለ እንደነገረችኝ፣ የተጣሉት የጠጪዎቹ ቁጥር ከኋላ በሚቀርባቸው በእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ነው። ሚስትየው «አያምርም!» ባልየው «በእናቴ ቤት እንዲህ ይባላል፤ ትንሽ ትንፋሽ ወስደሽ ካልሽው ያምራል!» ጋሽ ዶንግሱ የባሕር ዳርቻ ልጅ ናቸው፣ ሚስትየው የተራራ። ወይዘሮ ኦክሱን በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ዞረው በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፤

«የሺ፣ ስሚኝ! አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ እንደሚናገር አላውቅም ነበር!»

«አንቺ መቼ አስጨርሰሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ዶንግሱ። ሰውየው አማርኛ ይህን ያህል እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰብለ ወጥታ አቀፈችኝ። ሽንኩርት ሸተትኩ መሰለኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን።

«እማዬ፣ አሥሩንም የተበላሹትን ያዟቸው! አንድም አላለፋቸውም! ከሌሎቹም የኔን ግማሽ ጣሉብኝ።»

«ታዲያ የጻፍሽው ፈረሰ ማለት ነው?»

«ግማሹ ፈረሰ። የቆመው ግን እውነት ነው።»

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ሰብለ መልሱን ለመላክ ሞከረች። ኔትወርክ የለም። ጋሽ ዶንግሱ ከችግኝ ጣቢያው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወሰዷት። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲዞሩ ከታች ሆኜ አየኋቸው፤ እኔም ከታች ጸለይኩ። ሄደ።

ከምሳ በፊት ወይዘሮ ኦክሱን የቀረውን ድፎ ዳቦዬን ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። አኘኩ፣ ዋጡ፣ ውኃ ጠጡ።

«የሺ፣ ይህም ጨው በዝቶበታል።»

«ዳቦው?»

«ጎመኑም፣ ዳቦውም። የእጅሽ ነው።»

ሰብለ አንገቷን ደፋች። ዐየኋት። «አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኳት። «እናቴ ነሽ፤ ምን ልበል?» አለች።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ኦክሱን አላቆሙም። የሰብለን አቀማመጥ አረሙ፣ ኩባያ በአንድ እጅ መቀበሏን ገሠጹ፣ ቀጭን ነሽ ብለው ሁለት ጊዜ ጨመሩላት። ልጄ ሁሉንም በደስታ ተቀበለች። ለእኔ ደግሞ አንዲት የእንጨት ማንኪያ ሰጡኝ። «በእጅሽ አትዝገኚ። በዚህች፣ አንድ።» ለዳቦዬ የጨው መለኪያ ናት። አስቀምጫታለሁ።

ሰኞ

ወደ ቤት። ጉንደ ወይን ላይ ወርደን ሐያትን ከኪምቺው አካፈልናት። ደብረ ወርቅ ስንደርስ የሰብለ ስልክ ጮኸ። ከመምህሯ የመጣ መልእክት ነው። ጽሑፉን ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችልኝ፤ «ሽማግሌዎችሽ ተጣልተዋል፤ ስለዚህ እውነት ተናግረዋል። ምዕራፉ ይቆይ። አንቺ ግን እንደገና ጻፊው።»

ተመስገን አልኩ። ከመስኮቱ ውጭ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቢቸና ስንገባ ገና ጸሐይ አልጠለቀችም። ሰብለ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጻፍ ጀመረች፤ አሁን ይህን ስጽፍም ከጎኔ ተቀምጣ ትጽፋለች።

እህቶቼ፣ ጉዞዬ ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

በማኅበራችን ውስጥ በዕድሜ ታላቅ እኔ ነኝ። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ዳቦዬን ትበላላችሁ፣ «ይጥማል፣ እጅሽ ይባረክ» ትላላችሁ፣ ከዚያ የገንቦው ውኃ ቶሎ ያልቃል። ሁልጊዜ ሙቀቱ ነው እል ነበር። አሁን ገብቶኛል። ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ፤ ግን ይብቃ። የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው። ዳቦውን በዚያች ማንኪያ፣ አንድ ጨው ብቻ አድርጌ እጋግራለሁ። ቀምሳችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ዝም ካላችሁ ግን ወይዘሮ ኦክሱንን ከሞጣ አስመጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ከሁላችንም ታላቅ ናቸው።